ሹፌር ባል አይሆንም

እነዚያን አረንጓዴ የጭነት መኪናዎች ያየ ሰው፣ ከተሸጡ ስንት ዘመን ቢሆናቸውም፣ ዛሬም ወሬያቸውን አይጠግብም። ጎማቸው ሳይቀር በሳሙና ይታጠብ ነበር፣ ጋቢና የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነበር፣ ሸራቸው እንደ አልጋ ልብስ ተወጥሮ ነበር የሚታሰረው ይላል። ውሸት የለበትም። ግን ይህን ወሬ የባለ መኪናው ልጅ ባለችበት ባያነሳ ይሻለዋል። እነዚያ መኪናዎች ሲነሱ ደሟ ይፈላል። ትናፍቃቸዋለች፣ ትናደድባቸዋለችም፤ የቱ እንደሚበልጥ እሷም አታውቀውም።

ሹፌሮቹ «እሳቷ» ይሏት ነበር። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። የግቢው ቀለም ቀቢ እሷ ነበረች፤ አረንጓዴውን የምትበጠብጠው፣ በየበሩ ላይ የቤተሰቡን ስም በቢጫ የምትጽፈው እሷ ናት። ሹፌር ሲታመምም መሪ ትይዛለች። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያስወጣላት አባቷ ነው፤ ግቢው ውስጥ መኪና ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው ማየት አይወድም ነበር። ብሩሽ በያዘችበት የሚጮህባት ሹፌር ግን ቀለሙ ሳይደርቅ የእጁን ያገኛል።

አባቷን ሹፌሮቹ «ጋሼ» ነው የሚሉት። እሱም ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ በአንድ አሮጌ መኪና ጀምሮ ነው ግቢውን የሞላው። ሕጉም የራሱ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዎቹ ታጥበው በአንድ መስመር ይቆማሉ፣ እያንዳንዱ ሹፌር ከመኪናው በር አጠገብ ይቆማል፣ ጋሼ ነጭ መሐረቡን ይዞ እያንዳንዱን መኪና እየዳሰሰ ያልፋል። በሳምንቱ የቧጨረ ሰው በሁሉም ፊት «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ከዚያ የተቧጨረውን በስቱኮ ራሱ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ራሱ ይፈትጋል፤ ከእሳቷ የሚቀበለው ቀለሙን ብቻ ነው። የተናገረ ሰው ተባሮ አያውቅም። የደበቀ ግን ልብሱን ይዞ በዚያው ቅዳሜ ይወጣል።

አዲሱ ሹፌር ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ቀን እሷ አንድ በር ላይ ፊደል እየጻፈች ነበር። ሰውየው እንደ ሌላው «ጋሼ የሉም እንዴ?» ብሎ አልጮኸም። ከኋላዋ ቆሞ ዝም አለ። ዝምታው አበገናት።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ዕቃ ጠፍቶብሃል?»

«መስመሩ እስኪያልቅ ነው» አላት። «ብናገር እጅሽ ይነቃነቃል።»

መስመሩን ጨርሳ ዞር አለች። የምትሰድበው ስድብ ግን አጣች። ይህም ራሱ አናደዳት።

ሲነዳ ቀስ ስለሚል ጓደኞቹ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አወጡለት። ግቢ ሲገባ «እንቁላሉ በእግሩ መጣ!» እያሉ ይስቁበታል፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እሷ ግን ትሳደብለታለች። በዚህም ነገሩ ከጋሼ በቀር ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ሲወዳትም እንደ አነዳዱ ነበር። ከመንገድ ተመልሶ መኪናውን ሲያጥብ ያያታል፣ ስታየው ወደ ባልዲው ያቀረቅራል። ቀለም ሊቀበል መጥቶ ቀለሙን ሳይቀበል ይመለሳል። በመጨረሻ «አባትሽን ላናግራቸው» ያላት ዕለት፣ መጠበቁ ሰልችቷት እሷው ልትጠይቀው ስንት ጊዜ አፏ ላይ ደርሶ ተመልሶ ነበር።

ችግሩ ጋሼ ነበር። «ሹፌር ባል አይሆንም፤ እንግዳ ነው» ይላል ሁልጊዜ። ከሹፌር በቀር ማንንም አምኖ የማያውቅ ሰው እንዲህ ሲል መጀመሪያ ሳቋ ይመጣል፣ ከዚያ ንዴቷ። ከየት እንዳመጣው ታውቃለች። እሱ ዕድሜውን መሪ ላይ ሲጨርስ እናቷ መስኮት ላይ ጨርሳዋለች። ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ጎማውን ነው፣ ቀጥሎ ሞተሩን፣ ቀጥሎ ምግቡን። ሚስቱ ጋ ሲደርስ እንቅልፉ ይመጣል።

እንግዲህ ቀስ በቀስ እሁድ ጋሼን ሊያናግር ተስማሙ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት የመኪናው በር ተልጦ መጣ። ጠባብ ድልድይ ላይ አውቶቡስ ሲያሳልፍ ከብረቱ ጋር ተፋትጎ ነው፤ የጻፈችው ቢጫ ስም መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። አመዷ ቡን አለ። ከሳምንት ሁሉ ይህን ሳምንት መርጠህ ነው ወይ ብላ የአፏን ሁሉ ተናገረችው። እሱ ቅዳሜ እናገራለሁ፣ እጠግነዋለሁ ብሎ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሄደ።

እሷ ግን ቅዳሜ አንገቱን ደፍቶ፣ እሁድ ልጅዎን ይስጡኝ ሲል ታያት። አባቷ ምን እንደሚለው ከአሁኑ ሰማችው። ዓርብ ግቢው ባዶ ሲሆን ስቱኮውን አወጣች። ለጠፈች፣ ፈተገች፣ ቀባች፣ ስሙን ደግማ ጻፈች፤ በሩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ አደረገችው። ስትፈትግ እንባዋ ይወርድ ነበር። የንዴት ነው ትላለች እስከ ዛሬ።

ቅዳሜ ቀስ በቀስ ከዕረፍቱ የደረሰው መኪናዎቹ ታጥበው ከተሰለፉ በኋላ ነበር፤ በሩን ልብ ሳይል አጠገቡ ቆመ። ጋሼ እዚያ በር ላይ ሲደርስ መሐረቡ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

«ይቺ አዲስ ቀለም ናት» አለ።

ቀስ በቀስ በሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ባያት ጊዜ ነው ያደረገችው ነገር የገባት። ምንም ያልደበቀውን ሰው ደባቂ አድርጋዋለች።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ። «ቧጭሬ ደበቅኩ።»

«ውሸቱን ነው» አለች እሷ። «የቀባሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም።»

ጋሼ ወደ እሷ አልዞረም። መኪናዋ የማን ናት ብሎ ጠየቀ። ቀስ በቀስ የእኔ ናት አለ። እንግዲያው ሕጉን ታውቀዋለህ አለው።

ያኔ ገነፈለች። ሹፌሮቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። ለጎማ የሚሰጠውን ልብ ለሰው ሰጥቶ እንደማያውቅ፣ ሕጉ የብረት ሕግ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ግቢ ቢቃጠል እንደማታዝን ነገረችው። በመጨረሻ ድምፅዋ ተሰበረ።

«አንድ ጭረት አምልጦህ አያውቅም። እማዬ ላይ ያለውን አንድ ቀን አይተኸው ታውቃለህ?»

እናቷ በረንዳው ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሰምታለች። የቀረውን ልብስ ማስጣቷን ቀጠለች። ጋሼ ፊቱ ጠቁሮ ወደ ቤት ገባ።

እሳቷ ተባራሪውን ከግቢው በር ውጭ ደረሰችበት። ሻንጣው በእጁ ነው። እቅፉ ውስጥ ልትገባ ነበር የሮጠችው፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለምን ዋሸህ?»

«ለምን ቀባሽ?»

እንዲህ ተቆጥቶ አይታው አታውቅም። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ልናገር ነበር። ተናግሬ፣ ጠግኜ፣ ነገ ልመጣ ነበር።»

«ቧጭረህ? አባቴ ፊት?»

«ቧጭሬ ነዋ። ሌላ ማን አለኝ የምልከው? ያለሁት እኔው ነኝ። ይህን ሰውዬ የምታፍሪበት ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ።»

አላፍርብህም ልትል ፈልጋ እጁን ያዘችው። ጣቶቿ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ቀለም በአውራ ጣቱ ፈተገው። ሁለቱም አንዳቸው በሌላቸው ላይ እንደ ተናደዱ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ብዙ ቆሙ።

እሁድ መጣ። ጫማውን ወልውሎ፣ የሳሎኑ ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ አለ። ጋሼ የሚጠበቀውን መለሰ፤ ለሹፌር የሚሰጥ ልጅ የለኝም አለ።

«ጋሼ፣ ትናንት አባረሩኝ እኮ» አለ ቀስ በቀስ። «አሁን ሹፌር አይደለሁም። ማዶ ያለው ጋራዥ ከነገ ጀምሮ ና ብሎኛል።»

እናቷ ከጓዳ ሳቀች። ሳቋ በዚያ ቤት ብዙ አይሰማም ነበርና ሁሉም ወደ ጓዳው ዞሩ። ጋሼ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ በገዛ ሕጉ ተይዟል። ማምለጫ ፈልጎ በሥራው መጣ። ነገ የሚወጣው ጭነት ሹፌር የለውም፣ ሹፌሬን አሳጣችሁኝ ብሎ ጮኸ።

«እኔ እነዳዋለሁ» አለች እሳቷ።

ይህን ያህል መንገድ ብቻዋን ሄዳ እንደማታውቅ ነገራት። መንጃ ፈቃዱን ለጌጥ ነው ወይ ያወጣህልኝ አለችው። እሱም ብልጫ ያገኘ መስሎት ፈገግ አለ። ረቡዕ ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናዋን በደህና ከመለስሽ እሺ፣ ካልሆነ ግን ይህን ነገር ሁለተኛ አታንሱብኝ አለ። ተስማሙ።

ጭነቱን በሰዓቱ አራገፈች። ስትመለስ ግን ጎርፍ መንገዱን ዘጋው። እሷም እንደ ሌሎቹ ውሃው እስኪጎድል ቆመች፤ ፀሐይዋ ስትወርድ እያየች መሪውን በቡጢ ደበደበችው። ሰማዩን ሰደበች፣ አባቷን ሰደበች። ጥሼ ልለፍ ብላ ሞተሩን አስነስታ መልሳ አጠፋችው። ውሃው ሲጎድል መሽቷል። ሁሉ ነገር አበቃ ብላ ነው የነዳችው።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። አባቷ መሃል መንገድ ላይ ቆሟል፤ መብራቱ ሲያርፍበት ሸሚዙ በላብ ርሶ አየችው። አብሮ ሲጠብቅ የነበረው ቀስ በቀስ ገና ሳትቆም የመኪናዋን በር ከፈተ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰውዬ ጮኸባት።

«የት ነበርሽ? ሰው እንዲህ ይጠፋል?»

አባቷም ከሌላው ወገን ይጮኻል። ጎርፍ እንደነበረ ብትናገር የሚሰማት የለም። እሷም ልትጮህ አፏን ስትከፍት እናቷ ከበሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ተነሳች።

«ተዋት» አለችው ባሏን። «አንተ አንድ ማታ ነው የጠበቅከው። እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሬ ፀጉሬ ሸበተ። አንድ ቀን የት ነበርክ ብዬህ አውቃለሁ?»

የተናገረችው ቀስ ብላ ነው። ንዴቱ ግን የዚያን ሁሉ ዓመት ነበር። ጋሼ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«መጠበቅ እንዲህ ነው?» አላት።

«እንዲህ ነው።»

ከዚያ ቀና ብሎ ቀስ በቀስን አየው።

«እሷ መሪውን የምትተው አይመስለኝም። ይህን ትችለዋለህ?»

የቀስ በቀስ እጅ አሁንም የመኪናው በር ላይ ነው።

«አልችለውም ጋሼ» አለ። «ግን እጠብቃታለሁ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ» አለ ጋሼ። ተነስቶ የሚስቱን ክንድ ያዘና ወደ ቤት ገባ፤ መኪናዋን ዞሮ እንኳ አላያትም።