በሦስት የታጠፈው ብርድ ልብስ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ነበርኩ፣ ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ቢሆንም ጂኒ፣ ዛር ሲሉኝ «ሥራ ፈቶች» እል ነበር፣ እመኑኝ አሁንም ስሙን አላውቀውም፣ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነው፣ ካርቱም ጀብራ ሰፈር ከባሌ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ፣ ተስፋ ቆርጬ ሳለ ያገኘሁት ልጄ ገና ሁለት ወሩ ነበር። እንደ አገሬ እንደ ደጋው በፎጣ ጠቅልዬ፣ ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ዓይን እንዳያርፍበት ፊቱን በነጠላ ሸፍኜ አስተኛዋለሁ። ጎረቤቴ ሰልማ፣ እናቷ የእኛ አገር ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ ናቸው፣ ባየችኝ ቁጥር ትጮኻለች፣

«ያ ሐበሺያ! ልጅ ነው የምታስተኚው ዳቦ ነው የምትጋግሪው? ይሄ ካርቱም ነው፣ ያላ ግለጪው!»

«መጀመሪያ አንቺ ውለጂና ንገሪኝ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ። ልጁን እንደ ልማዴ ሸፋፍኜ አስተኛሁና በሩ ላይ ሳፋዬን አስቀምጬ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ፣ ክፍሏ ሌላ በር የላትም፣ መስኮቷም ፍርግርግ ብረት ነው። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሽብሽብ የሚሉት ነጠላ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የደከማት ሴት አካሄድ። ገባሁ፣ ማንም የለም፣ ግን ነጠላው ከልጁ ፊት ላይ ተነስቷል፣ ብርድ ልብሱም ከግርጌው ታጥፎ ተቀምጧል፣ በሦስት። እኔ ደግሞ ሁሌም በአራት ነው የማጥፈው። «ረስቼው ይሆናል» አልኩና፣ ይቅር ይበለኝ፣ መልሼ ሸፈንኩት።

ቀጥሎ የሰማሁት የሰሌን ማራገቢያ ነው፣ ሽው… ሽው… ሮጬ ስገባ ቆመ። ልጄ በጀርባው ተንጋሎ፣ በስስ ቀሚሱ ብቻ፣ ብርድ ልብሱ እንደገና በሦስት። አንገቱን ብነካው እሳት ነው፣ ፀጉሩ በላብ ርሷል፣ ሲተነፍስ እንኳ ድምፁ አይሰማም። ጩኸቴን ሰምታ ሰልማ ደረሰች፣ ነጥቃኝ ወደ ጥላው አወጣችው፣ በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው፣ እስኪያለቅስና ጡት እስኪይዝ ያለችውን ጊዜ አልነግራችሁም።

«እንኳንም ገለጥሽው፣ ባትገልጪው ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም።

«እኔ አልገለጥኩትም» አልኳት።

ሁለታችንም ብርድ ልብሱን አየነው። ሰልማ ያን ቀን አልቀለደችም።

ከዚያ ወዲያ ፊቱን ሸፍኜው አላውቅም፣ በስስ ልብስ አስተኝቼ አንገቱን እየዳሰስኩ ነው ያሳደግኩት፣ አሁን ይሮጣል። ያቺን ጫማዋን ስትጎትት የሰማኋትን ሴት ክፉ ናት ልል አልችልም፣ ልጄን የመለሰችልኝ እሷ ናት። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ እሷ ማንን ሸፍና አጥታ ነው መግለጥን የተማረችው?