ስድሳ ሰባት ቁጥር

ክፍሉ የለም።

ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች ግቢው መሀል ቆመች። ልጇ ወልዳ ልታርሳት ሄዳ አንድ ወር ሊሞላት ነው። ስትሄድ ከዋናው ቤት ጎን የስፌት ክፍሏ ነበር። ስትመለስ የብሎኬት ክምር ጠበቃት። የስፌት መኪናው ዝናብ ላይ ተጥሎ ዝጓል። የደንበኞች ልብስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጉርዱ ከሱሪው አይለይም።

ሌባ አይደለም። ሌባ ግድግዳ አይወስድም።

ያፈረሰው የከተማው የግንባታ ቁጥጥር ቢሮ መሆኑን ሰፈሩ ነገራት። በማግስቱ የግንባታ ፈቃዷን ይዛ ሄደች። ሟች ባሏ ስድስት ወር ተመላልሶ ያወጣው፣ ማህተሙ ያልደበዘዘ ፈቃድ። ተቆጣጣሪው በመስኮት ተቀበላትና፣ «ከማህደሩ ጋር አመሳክረን እንጠራዎታለን» አላት።

ጠሯት። ፈቃዱ የለም። ማህደሩም የለም። «ምን ፈቃድ ሰጡን?» አሏት ዓይኗን እያዩ። በምትኩ አንድ ደብዳቤ ሰጧት፦ ፈቃድ የሌለው ቤት በመሆኑ የቀረውም ሐሙስ ይፈርሳል።

ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ነበረች።

«ምን ጠፋብዎት?» አላት ተረኛው።

«ክፍል።»

«ከክፍሉ ውስጥ ምን?»

«ክፍሉ ራሱ። ቀጥሎ ወረቀቱ። ሐሙስ ደግሞ ቤቱ ይጠፋል፤ ወረፋ እንዳይበዛብኝ ቀድሜ ላስመዝግብ ብዬ ነው።»

ተረኛው ሳቀ። ከኋላው የተቀመጠው መርማሪ አልሳቀም። ባልደረቦቹ «ኤሊው» የሚሉት፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ወንበሩን ሳበላት።

«ይቀመጡ እናቴ። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ማክሰኞ መርማሪው ተቆጣጣሪው ፊት ተቀመጠ።

«የሴትዮዋ ፈቃድ የት ገባ?»

«ሰጠሁ የምትለው እሷ ናት። እኔ አላየሁም።»

«ማህደሯስ?»

«መዝገብ ቤት ጠይቅ። አይጥ በልቶት ይሆናል።»

«ከማፍረሳችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ ሰጥታችኋል?»

ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። መሳቢያውን ሳበ። «ወሩ በገባ በሁለተኛው ቀን በሯ ላይ ለጠፍን። ሃያ ቀን ጠበቅን፤ አልቀረበችም። በሃያ ሦስት አፈረስን። ደንቡ ወረቀቱን በተለጠፈበት ቀን ፎቶ አንሡ ይላል። ይኸው።»

አረንጓዴ የብረት በር። መሀሉ ላይ ማስጠንቀቂያው። ከወረቀቱ በላይ የቤቱ ቁጥር፦ ስድሳ ሰባት። እንከን አይወጣለትም። ማህደር የሚጠፋበት ቢሮ ፎቶ እንዲህ አሳምሮ መያዙ መርማሪውን ከነከነው።

«ክፍሉ ያለ ፈቃድ ነው ብሎ የጠቆማችሁ ማነው?»

«ጎረቤቷ ይሆናላ። በአሸንዳ ውሃ ሲነታረኩ ነው የሚውሉት።»

መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴት መርማሪውን መደርደሪያዎቹ መሀል አገኘችው። በሁለት ማህደሮች መካከል የአንድ ጣት ክፍተት አለ። አቧራው አልሸፈነውም።

«የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ የቢሮው ኃላፊ ጋ። እኔ አልወሰድኩም። ሌላ አትጠይቀኝ ወንድሜ፤ የማሳድጋቸው አሉኝ።»

ጎረቤትየው ጡረታ የወጣ አናጺ ነው። ሰፈሩ «አቤቱታው» ይለዋል፤ ያልከሰሰው ሰው የለም። ግቢው ውስጥ መጋዝ ሲሞርድ ተገኘ።

«የልብስ ሰፊዋን ክፍል የጠቆሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? አሸንዳዋ ግድግዳዬን አረጠበው ብዬ ሰባት ጊዜ ከስሻታለሁ። ስምንተኛውም ተጽፏል። ግን እኔ ሰው የምከሰው ፊት ለፊት ነው። ደግሞስ ቤቷ ፈርሶ ከሄደች ከማን ጋር ልጣላ ነው?»

«ወሩ በገባ በሁለተኛው ቀን በሯ ላይ ወረቀት ነበር?»

«እዚህ ሰፈር የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም፣ የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ ሳይቀር። አልነበረም።»

ሽማግሌው ያለው ዓይኑን ነው፤ ቢሮው ያለው ፎቶ ነው። ፍርድ ቤት የቱን እንደሚያምን መርማሪው ያውቃል። ፎቶውን ይዞ ወደ አረንጓዴው በር ሄደ፤ ሽማግሌው ተከተለው። የቁጥሩ ሰሌዳ ያብረቀርቃል። ዙሪያውን ግን ፀሐይ ያልነካው የቀለም አራት ማዕዘን አለ፤ ከሰሌዳው ይሰፋል። ዳርና ዳሩ ላይ ባዶ የሚስማር ቀዳዳ።

«ይህ ቁጥር መቼ ነው የተመታው?»

«እሱን አታንሣብኝ» አለ ሽማግሌው። «ሴትዮዋ ልጇ ጋ እያለች የሰፈሩን ቁጥር በሙሉ ለወጡት። የሷ አርባ አንድ ነበር፤ ስድሳ ሰባት አሉት። የቢሮው ሰዎች ሰሌዳ ይዘው መጡ፣ ሚስማር ይዘው መጡ፣ መዶሻ ረሱ። የኔን ተዋሱና ይዘውት ሄዱ።»

«ቀኑን ያስታውሳሉ?»

«ሃያ ነዋ። በማግስቱ ከስሻቸዋለሁ።»

ገባና የማመልከቻውን ቀሪ ይዞ ወጣ። «ትናንት የቤት ቁጥር ለመምታት የወሰዳችሁትን መዶሻዬን መልሱ» ይላል። ግርጌው ላይ የቢሮው ማህተም፦ ተቀብለናል፣ ቀን ሃያ አንድ።

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው። በሁለት ተለጠፈ የተባለው ማስጠንቀቂያ፣ በሃያ ከተመታ ቁጥር ሥር ፎቶ ተነሥቷል። ቢሮው የገዛ ቁጥሩን መቼ እንደለወጠ ረስቷል።

«የድሮው ስድሳ ሰባት የማን ነበር?»

ሽማግሌው በመጋዙ ጠቆመ። ከታችኛው መንገድ ዳር የጎርፍ መውረጃውን ዘግቶ የተሠራ የቆርቆሮ መጋዘን። እንደ ቆመ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ልብስ ሰፊዋን ይዞ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ተቆጣጣሪውም ተጠራ። መርማሪው ፎቶውንና የመዶሻውን ማመልከቻ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጣቱን መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ፣ ቀጥሎ ማህተሙ ላይ አሳረፈ። ተቆጣጣሪው አየ። 

«ትእዛዙ ለመጋዘኑ ነበር» አለ። «ቁጥሩ ከተለወጠ በኋላ ነው ያፈረስነው። ሠራተኞቹ ስድሳ ሰባት የሚል አዩ፣ አፈረሱ። ፈቃዷን ይዛ ስትመጣ ነው የገባኝ።»

«ገብቶህ ምን አደረግህ?»

«ለእሳቸው ነገርኩ። ቢሮ አይሳሳትም አሉኝ። ቀኑን ወደ ኋላ ወስጄ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። ሰው ሳያየኝ ለጥፌ ፎቶ አንሥቼ ነቀልኩት።»

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «አንድ ክፍል ነው እኮ። ዛሬ ተሳስተናል ብንል ነገ ከተማው በሙሉ ወረቀቱን ይዞ በሬ ላይ ይሰለፋል። የቢሮ ክብር የሚባል ነገር አለ።»

«የቀረውን ቤት የምታፈርሱትስ?»

ኃላፊው ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ። ልብስ ሰፊዋ መለሰች።

«ቤቱም ከፈረሰ ክፍል ነበረኝ ብል የሚያምነኝ የለማ። ጎረቤቴ በአሸንዳ ሰባት ጊዜ ከሰሰኝ፤ ሰባቱንም ጊዜ አስተካክዬ ይቅርታ ብዬዋለሁ። ቅር ያለኝ ነገር የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እናንተ አንድ ቃል ከአፋችሁ ከሚወጣ የባሌን ቤት መናድ ቀለላችሁ?»

ኃላፊው መስኮቱን ተመለከተ።

«ከኋላዎ ያለውን ካቢኔት ቁልፍ» አለ መርማሪው እጁን ዘርግቶ።

ማህደሩ ከታችኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ሥር ተገኘ። ፈቃዱም ውስጡ ነበር፣ ለሁለት ታጥፎ። ሁለቱ ሰዎች በፖሊስ ታጅበው በደረጃው ወረዱ። የቢሮው ሠራተኞች በየበራቸው ቆመው አዩ፤ መዝገብ ቤት የምትሠራዋ ብቻ ወደ መደርደሪያዋ ተመለሰች።

የኃላፊው ምክትል ሳያቋርጥ እየተናገረ ጸሐፊዋን ደብዳቤ አስጻፈ። ማህተም ተመታበት። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አድርጋ ቆማ አነበበችው።

«‹በተፈጠረው የአሠራር ችግር ምክንያት የሐሙሱ ማፍረስ ለጊዜው እንዲቆይ› ይላል። ለጊዜው ምንድን ነው?»

«የቢሮ አጻጻፍ ነው እናቴ» አለ ምክትሉ። «አይፈርስም ማለት ነው።»

«አይፈርስም በሉዋ። ችግሩስ በራሱ ተፈጠረ? ማን ፈጠረው? ክፍሌን መልሳችሁ ትሠራላችሁ የሚለውስ የታለ?»

«እሱ በሂደት...»

«ተሳስተናል የሚል ቃልም የለበትም።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችና ግድግዳው ጋ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። «የምሰፋበት ክፍል የለኝም፤ ስለዚህ ሥራ የለብኝም። እጠብቃለሁ።»

ምክትሉ መርማሪውን አየ። መርማሪው ኮፍያውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

 ከዚያ ጸሐፊዋ ማንም ሳያዛት ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደችና አዲስ መተየብ ጀመረች።