በሩን ማን ዘጋው

«እያየቻቸው ነው የዘጋችው! ኤሽት ነው የምልሽ፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ!»

ሲፈን ይህን ስትናገር ማክዳ ከጎኗ ቆማ ባዶ የወረቀት ኩባያ ታጣጥፋለች። ዙሪክ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በሚሰበሰብበት አዳራሽ አዲስ ልጅ በመጣች ቁጥር ሲፈን ወሬውን እንደ አዲስ ታወጣዋለች። «የምር» ማለት ሲያቅታት በጀርመንኛ «ኤሽት» ትላለች፤ ለዚህ ወሬ ሲሆን ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ ትላለች። ሁለቱ ዜባህ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ይኖራሉ፣ አንድ ክፍል ይማራሉ፤ ስለዚህ ወሬውም የጋራ ንብረታቸው ይመስላታል።

«ስምንት ዓመቱ ነው። ማክዳና እናቷ ካሪቢያን ደሴት ላይ ነበሩ። አውሎ ነፋሱ ጣሪያውን ገንጥሎ ሲወስደው ወደ ዕቃ ቤት ሮጡ። ትርፍነሽ የምትባል ሴትዮ ቀድማ ገብታለች። ኑ ግቡ ማለት ሲገባት የብረቱን በር ጓ! አድርጋ ዘጋችባቸው። እየሳቀች!»

«እየሳቀች?» አለች አዲሷ ልጅ። ከዚያ ወደ ማክዳ ዞረች። «እውነት ሳቀች?»

ማክዳ ኩባያውን አንዴ ደግማ አጠፈችው። ካቻምና ትርፍነሽ በሩን ብቻ ነበር የዘጋችው። አምና ዘግታ ቆለፈችው። ዘንድሮ ደግሞ ሳቀች። ወሬ እንደ ሕፃን ነው፤ በየጊዜው ጥርስ ያወጣል።

«ጨለማ ነበር» አለች ማክዳ። «ሳቅ በጨለማ አይታይም።»

«አየሽ!» አለች ሲፈን። «አልሳቀችም አላለችም!»

ማክሰኞ ማክዳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ የወይንሐረግ ከሥራ ቀድማ ገብታ ጠበቀቻት። አፎልተርን ካለው የአረጋውያን ቤት ሠርታ ስትመጣ ሁልጊዜ ጫማዋን ሳታወልቅ አትቀመጥም፤ ያን ቀን ግን ከነጫማዋ ተቀምጣለች። ግራ ክንዷ እንደ ወትሮው ከክርኑ ታጥፏል። ያ ክንድ ስምንት ዓመት ሙሉ አልተዘረጋም።

«ቅዳሜ ጄኔቭ እንሄዳለን» አለች። «ጋሼ ከፈለ ደውለው ነበር። ትርፍነሽ ጠቅልላ አገር ቤት ልትገባ ነው። ሳትሄድ እርቅ ይውረድ ብለዋል።»

«እኔም?»

«አንቺማ ምስክር ነሽ። ካንቺ ሌላ ማን አየ?»

ማክዳ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«እኔ በደሏን ልተውላት ዝግጁ ነኝ» አለች እናቷ። «ስምንት ዓመት ቂም ይዤ ሳልቆርብ ኖርኩ። ሰው ሲቆርብ ከኋላ ቆሜ ማየት በቃኝ። አንቺ ያየሽውን ትናገሪያለሽ፣ እሷ ድንጋይ ተሸክማ ማሪኝ ትላለች፣ እኔም እምራለሁ። በሚቀጥለው እሑድ እቆርባለሁ። በቃ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ ይኖር የነበረ አንድ የዲፕሎማት ቤተሰብ ወደ ደሴቲቱ ሲዛወር ሁለቱን ሴቶች ይዞ ሄደ፤ ትርፍነሽን ለወጥ ቤት፣ የወይንሐረግን ለልጆቹ። ማክዳ ከእናቷ ጋር ሄደች። ማዕበሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ቤተሰቡ በአውሮፕላን ወጣ። ሁለቱ ሴቶችና የስድስት ዓመቷ ማክዳ ቤት ጠባቂ ሆነው ቀሩ። ቤት ጠብቁ ይባላል፤ ቤቱ እነሱን ይጠብቅ እንደሆን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ማዕበሉ ስም አለው። ቴሌቪዥኑ ማሪያ ነበር የሚለው። የወይንሐረግ ግን አንድም ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «የእመቤቴን ስም ለነፋስ አልሰጥም» ትላለች። እነ ማክዳ ቤት «ያ ቀን» ነው የሚባለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትርፍነሽ ጄኔቭ ተመልሳ ሥራ ቀጠለች፤ ሰው ግን አልተመለሰላትም። ማኅበርተኞቿ ጽዋውን ከእሷ ቤት አሳለፉት። ክርስትና ሲኖር አትጠራም። ስሟን ያነሳ ሰው «የትኛዋ? በሩን የዘጋችው?» ይባላል። ይህ ሁሉ የተነሳው ሆስፒታል አልጋ ዳር ከተናገረች የስድስት ዓመት ልጅ አፍ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩ በርንን አልፎ ሲከንፍ እናቷ በመስኮቱ በኩል ሜዳውን እያየች ከራሷ ጋር እንደምታወራ ሁሉ «እጄ ነው የከዳኝ» አለች። ይህን ማክዳ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። «አጥብቄ ብይዝሽ ኖሮ አታመልጪኝም ነበር። እሷ ዘጋችው፤ እሺ። ግን አንቺን የለቀቀ የእኔ እጅ ነው።»

«እማዬ፣ ተዪው።»

«እንዴት ልተወው? እናት እጇ ከከዳት ምን ቀራት?»

ማክዳ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ቀን ሲመጣባት መጀመሪያ በጆሮዋ ነው የሚመጣው። ሰው ነፋስ ፉጨት ይመስለዋል። ያ ግን ፉጨት አልነበረም፤ መሬት ላይ እየተንደረደረ የማይነሳ አውሮፕላን ነበር። ጆሮዋን ከውስጥ ያማት ነበር። የጣሪያው ሚስማሮች ተራ በተራ እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳሉ። ውሃው ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው፤ ጨው ጨው ይላል። በነጋታው ደግሞ ተራራው ላይ አንድ ቅጠል እንኳ አልቀረም። ትናንት አረንጓዴ የነበረው ሁሉ እሳት የበላው መስሎ ቡናማ ሆኗል። ቅጠሎቹ ተከትፈው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ ጥሬ ጎመን፣ ጥሬ ጎመን ይሸታሉ።

እና ጫማው። ትምህርት ቤት ለመጀመር የተገዛላት ቀይ ጫማ። አንዱ እግር ዛሬም ዜባህ ውስጥ በእናቷ ቁም ሣጥን በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እናቷ «ልጄ ከሞት የተረፈችበት» እያለች ለእንግዳ ታሳያለች። ማክዳ ያንን ቁም ሣጥን ከፍታ አታውቅም።

ባቡሩ ከመሿለኪያው ወጥቶ ሐይቁ ከታች ድንገት ሲዘረጋ እናቷ አማተበች። ሎዛን ላይ ባቡር ቀየሩ።

ጋሼ ከፈለ ከአብዮቱ ሸሽተው የመጡ፣ ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቨርሷ ያለው ቤታቸው ሲደርሱ ጋሼ ዋሲሁን፣ ሌላው ሽማግሌ፣ ሶፋው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ጋዜጣ አለ፤ ጋዜጣው ላይ ድፎ ዳቦ የሚያክል ግራጫ ድንጋይ። ገና አልደረቀም።

«ከሐይቁ ዳር ነው ያመጣሁት» አሉ ጋሼ ከፈለ። «ፖሊስ ስዊዘርላንድን ቆርሰህ ልትወስድ ነው እንዳይለኝ በገበያ ከረጢት ደበቅኩት።»

ማንም አልሳቀም። ትርፍነሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ማክዳ ትልቅ ሴትዮ ነበር የጠበቀችው፤ በወሬው ውስጥ ትልቅ ነበረች። ወንበሩ ላይ ያለችው ግን እግሯ ምንጣፉን በጣቱ ጫፍ ብቻ የሚነካ ትንሽ ሴት ናት። ደሴቲቱ ላይ ሳሉ ማክዳ «ትርፍዬ» ትላት ነበር። የተጠበሰ ሙዝ ደብቃ የምትሰጣት እሷ ነበረች። ይህን ለሲፈን ነግራት አታውቅም።

«ትርፍነሽ ድንጋዩን እሸከማለሁ ብላለች» አሉ ጋሼ ዋሲሁን።

«እሸከማለሁ» አለች ትርፍነሽ። «ድንጋይ ከወሬ አይከብድም።»

የወይንሐረግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እንግዲህ ማክዳ ልጄ» አሉ ጋሼ ከፈለ፤ «በዓይኗ ያየች አንቺ ነሽ። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ያየሽውን ንገሪን።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ዘጋችው» ካለች ሁሉም ተዘጋጅቷል፤ ድንጋዩ ታጥቧል፣ ትርፍነሽ አንገቷን ለመስጠት ተስማምታለች፣ እናቷ እሑድ ትቆርባለች። ውሸቱ ራሱ እርቅ ያወርዳል። እውነቱ ግን የእናቷን ክንድ ማን እንደሰበረው ይናገራል።

«አላየሁም» አለች ማክዳ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ።

«በሩ ሲዘጋ አላየሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።» ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ከሩቅ ተሰማት። «እማዬ፣ እጅሽ አልለቀቀኝም። እኔ ነኝ መንጭቄ ያመለጥኩሽ። ጫማዬን ልወስድ።»

ውጭ ባቡር አለፈ።

«አልጋው ሥር ነበር። አንዱን አገኘሁት። ከዚያ አንቺ መጣሽ፣ ከዚያ የጣሪያው ግንድ ክንድሽ ላይ ወደቀ። ወደ በሩ ስንመለስ ተዘግቶ ነበር። በአንድ እጅሽ ትደበድቢው ነበር…» ቆመች። «ሆስፒታል አንዲት ሴትዮ ‹በሩን ማን ዘጋው› ስትለኝ ‹ትርፍዬ አይታን ዘጋችው› አልኩ። ስለ ጫማው እንዳትጠይቁኝ ነው።»

የወይንሐረግ የታጠፈ ክንዷን በቀኝ እጇ ይዛ ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ማክዳ ጥፊ ጠብቃ ነበር፤ ቢያንስ እርግማን።

«እና» አለች እናቷ፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ነገር በጥንቃቄ እያነሳች፤ «እጄ አልከዳኝም ማለት ነው?»

«አልከዳሽም።»

እናቷ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ለእንዲህ ያለው ነገር ያዘጋጁት ምርቃት አልነበራቸውም።

ማክዳ ተነሳች። ድንጋዩን ከጋዜጣው ላይ አነሳችው። ካሰበችው በላይ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል።

«አስቀምጪው» አሉ ጋሼ ከፈለ። «ሕፃን ድንጋይ አይሸከምም።»

«ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ ጋሼ። አሁን አሥራ አራት ዓመቴ ነው።»

ማጅራቷ ላይ አስቀመጠችው። ውሃው በሸሚዟ ውስጥ እስከ ወገቧ ወረደ። መስኮቱ ሥር ሄዳ ምንጣፉን በወጉ በማይረግጡት ሁለት ትናንሽ እግሮች ፊት ተንበረከከች።

«እትዬ ትርፍነሽ፣ ይማሩኝ።»

ሁለት እጆች ድንጋዩን ከግራ ያዙት፤ ከቀኝ ደግሞ አንድ እጅ ብቻ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ቀና ማለት አላስፈለጋትም።

«እግዚአብሔር ይማርሽ» አለች ትርፍነሽ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ማክዳ ድንጋዩን መልሳ ጋዜጣው ላይ አስቀመጠችው። ዳቦ ተቆረሰ። ጋሼ ከፈለ ድንጋዩን ወደ ሐይቁ እንደሚመልሱት ተናገሩ። ይህን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቀልዱ ግን ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር።

ትርፍነሽ ባቡር ጣቢያ ድረስ ልሸኛችሁ አለች። እናቷ ቲኬት ልትቆርጥ ወደ ማሽኑ ስትሄድ የማክዳ ስልክ ነዘረ። ሲፈን ናት።

«እንዴት ሆነ?? ድንጋዩን ተሸከመች? ኤሽት አለቀሰች?»

ማክዳ ጽፋ አጠፋች፤ ደግማ ጻፈች። «የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እሑድ አዳራሹ ውስጥ ለሁሉም እናገራለሁ። አንቺም ትሰሚያለሽ።» ላከችውና ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ስልኩ ሦስቴ ነዘረ፤ አላወጣችውም።

«ጎበዝ ልጅ ወጥቶሻል» አለች ትርፍነሽ አጠገቧ ቆማ። «ጫማው ቆንጆ ነበር። አስታውሰዋለሁ።»

«እትዬ ትርፍነሽ… ግን በሩን ማን ዘጋው?»

«ነፋሱ ነዋ። ያ በር ከተዘጋ ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ ከውስጥም ከውጭም። ቁልፉን ደግሞ ማዳም ይዛው በርራለች። ለዚያ ነው የሩዝ ጆንያ አስደግፌ ክፍት ያደረግኩት። ነፋሱ ጆንያውን እንደ ትራስ ገፋው። በነጋታው እኩለ ቀን ላይ ነው በመዶሻ ሰብረው ያወጡኝ፤ እናንተን ሆስፒታል ከወሰዷችሁ በኋላ።»

«ለምን ለሽማግሌዎቹ አልነገሯቸውም? ይህን ቢሉ እኮ…» ቢሉ ምን ሊሆን እንደነበር ታወቃትና አቆመች። ድንጋዩን የሚያነሳው ሰው አይኖርም ነበር። ስለ ጫማው የሚያውቅም።

«ማን ጠየቀኝ? ስምንት ዓመት ሙሉ ‹ለምን ዘጋሽ› ይሉኛል። ‹መክፈት ትችዪ ነበር ወይ› ያለኝ የለም።»

ባቡሩ ከሩቅ ታየ። እናቷ ሁለቱን ቲኬቶች በጤነኛ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ እየመጣች ነው።

«እናትሽ ከውጭ ስትደበድብ» አለች ትርፍነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ከውስጥ እየደበደብኩ ነበር።»