የዥዋዥዌው ሦስት ዘንጎች

አቧራው ከመነሳቱ በፊት ቀያሹ በጨው ሜዳው ላይ ሁለት ዘንግ ተክሎ፣ ከማዶ ካለው ጥቁር ጉብታ ጋር አስተካክሏቸው ነበር። የውሃ ጉድጓዱ ያለው እዚያ ጉብታ ሥር ነው። ሦስተኛውን ሊተክል ሲራመድ ምድር እንደ ጀልባ አዘመመችና በግንባሩ ተደፋ።

ከልጅነቱ ጀምሮ ራሱን ያዞረዋል። የሥራ ባልደረቦቹ «ዥዋዥዌው» ይሉታል። እንዲህ ሲሆን ክንዱን ይዞ የሚያቆመው የሚስቱ ወንድም ነበር፤ ስድስት ዓመት አብረው ሲቀይሱ አንድም ቀን ለቆት አያውቅም።

«ጋሼ፣ አንተ እዚሁ ተኛ። እኔ በግመላችን ቀድሜ ውሃ ቀድቼ ልምጣ» አለው አማቹ።

«በዚህ አቧራ? ትጠፋለህ!»

«እኔኮ አንተ አይደለሁም። እግሬ መንገድ አይስትም።»

ቀያሹ ቀና ሲል ግመሏ የለችም። የተረፈችው ውሃም የለችም። የዓመት ልፋቱ፣ የካርታው ጥቅል፣ እሱም የለም። ካርታውን የሚያስረክብ ሰው የቀያሾች አለቃ እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁ ነበር። ዘንጎቹ ብቻ ቀርተዋል፤ ማን ይሸከማቸዋል?

ነፋሱ ጨው እያፈሰ ፀሐይንም ጉብታውንም ዋጣቸው። ቀያሹ ተነሳ፣ ወደ ግራ ተንገዳገደ፣ ወደቀ። ሳቅ መጣበት። እግር እንደሚዋሽ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ዕድሜ ልኩን አንድ እርምጃውን እንኳ ሳይመረምር አምኖ አያውቅም። ቀያሽ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ጭንቅላቱ የነፈገውን ቀጥተኛ መስመር ከዘንግ ላይ መፈለጉ።

ሦስተኛውን ዘንግ ከሁለቱ ጋር አሰለፈ። የኋላውን ነቅሎ ከፊት ተከለ። ሦስቱ በአንድ መስመር መሆናቸውን አየ። ደግሞ ነቀለ፤ እንዲህ እያለ ወደ ጉብታው ገፋ።

ከቀትር በኋላ ጅብ ተከተለው። ሲወድቅ ይቀርባል፣ ሲነሳ ይቆማል።

«አንተስ ፍላጎትህን አልደበቅክም» አለና የነቀለውን ዘንግ አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። ጅቡ እያላዘነ ሸሸ።

ብዙም ሳይቆይ ከአቧራው ውስጥ ሰው እየተደነቃቀፈ ወጣ። አማቹ ነው። ግመሏ አምልጣዋለች፤ ጥቅሉን በብብቱ ሸጉጧል።

«ጋሼ! ጉድጓዱ የታለ? እኔ ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት፣ አንተ ሙት!»

«ዞረህ ዞረህ እኔው ዘንድ መጣህ።»

«በል ዘንጉን ስጠኝ፣ እኔ ልምራ!» ብሎ የፊተኛውን ጨበጠ።

«ንቀለው፤ መስመሩ ይጠፋና ሁለታችንም እዚሁ እንቀራለን።»

አማቹ ዘንጉን ለቀቀ።

«ጥቅሉን ወዲህ በል። ከዛሬ ጀምሮ ዓይኔ እያየህ ከፊቴ ነው የምትሄደው።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥቁሩ ጉብታ ከአቧራው ውስጥ ብቅ አለ፤ ልክ በዘንጎቹ አቅጣጫ። ጠጡ። ቀያሹ ከጉድጓዱ አፍ ቀና ሲል ዓለም ተሽከረከረች።

«አይዞህ ጋሼ፣ ያዘኝ!» አማቹ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ።

ቀያሹ ያንን እጅ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ዘንጉን መሬት ላይ ተከለና እሱን ተደግፎ፣ ዓለም ዞራ ዞራ እስኪበቃት ጠበቃት።