ገንፎው አረረ

«ገንፎው አረረ!»

ማሜሎ ከአግዳሚው ላይ ብድግ ስትል ዘፈኑ ተቋረጠ፤ አዳራሹም በሳቅ አውካካ። ለቅዳሜ በሚለማመዱት የትምህርት ቤቱ የዘፈን ተውኔት ውስጥ መቶ ዓመት የተኛችው ልዕልት እሷ ናት። ስትነቃ «ደጄን ማን ከፈተው?» የሚለውን ዘፈን ብቻዋን መጀመር ነበረባት። ትምህርት ቤቱ ፒያኖ የለውም፤ ሠላሳው ልጅ ቃናውን የሚቀበለው ከእሷ አፍ ነው።

ልጆቹ «ንታቴ»፣ አባባ፣ የሚሏቸው መምህር ራሞካ የዜማውን ዶ-ሬ-ሚ ከጻፉበት ሰሌዳ ዞር አሉ። «ምን አልሽ አንቺ?»

ማሜሎ የምሯን ተኝታ ነበር። ልጆቹ ልዕልቷን የሚያስተኙበት እሹሩሩ አራት አንጓ አለው፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይጥላታል። ጓደኛዋ ሊምፖ ከፊት ረድፍ ቆማ፣ ማንም ሳያይ እግሯን እየቆነጠጠች ነበር የምታነቃት።

«ቀልድ ነው ንታቴ!» አለች ሊምፖ ፈጠን ብላ። «እኛው ነን ያሰብነው። ገንፎ ጥዳ መቶ ዓመት የተኛች ልዕልት!»

ንታቴ ራሞካ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ቀልዷ ትግባ! ቅዳሜም እንደዚሁ በያት።»

ሲወጡ ሊምፖ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አዳንኩሽ እኮ! ምን ያኮሳትርሻል?»

«ቅዳሜ እማ ትመጣለች። ፈቃድ አግኝታለች።»

«ታዲያ ትስቃለቻ!»

የማሜሎ እናት ጂንስ ትሰፋለች፤ ሳይነጋ ወደ ፋብሪካ ትወጣለች። ገንፎውን የምታማስለው፣ ሁለቱን ወንድሞቿን አጥባ የምታለብሰው ማሜሎ ናት። ባለፈው ሰኞ ምድጃው ዳር ቆማ ሸለብ ሲያደርጋት ድስቱ አረረ። በአሸዋ ብትፈገፍገው አልለቅ ስላላት ከአልጋ ሥር ደበቀችው። ልጅ ናት እኮ! አሥራ አራት ዓመት እንቅልፍ የሚከብድበት ዕድሜ ነው። እናቷ «ደከመሽ እንዴ?» ስትላት ግን ሁልጊዜ «ኧረ አልደከመኝም» ነው መልሷ። አሁን እናት የልጇን ድካም ሰው ሁሉ ሲስቅበት ልትሰማ ነው።

በማግስቱ ንታቴ ራሞካን ለመነቻቸው። «ያቺ ነገር ብትቀርስ?»

«ለምን ትቀራለች? ሰው ስቆ ስቆ ጸጥ ሲል እኮ ነው ድምፅሽ የሚገባው።»

እውነታቸውን ነው። እሷም ሰምታዋለች፤ ዘፈኑ ከሳቁ በኋላ ያምራል።

ሐሙስ ማታ እናቷ ገብታ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ጣቶቿ በጂንሱ ቀለም ሰማያዊ ሆነዋል፤ ፀጉሯ ላይ ክር ተጣብቋል። ጫማዋን እያወለቀች ማንጎራጎር ጀመረች።

«ተኚ ልጄ፣ በረዶው ከተራራው ይደር...»

«እማ! የኛን እሹሩሩ ከየት አመጣሽው?»

«ወንድሞችሽ መቼ አፋቸው ያርፋል! ቅዳሜ አብሬሽ ልዘፍን ነው።»

ሁለተኛውን አንጓ ጀመረች። መሃል ላይ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘንበል አለ። አንዱ ጫማ ገና ከእግሯ አልወለቀም።

ማሜሎ ቆማ አየቻት። ብርድ ልብስ ደርባላት ልትተዋት ትችል ነበር። ከአልጋው ሥር ግን ድስቱን ሳበች፣ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች፣ ተረከዟንም ቀስ አድርጋ ቆነጠጠች።

«እማ፣ ንቂ። ቅዳሜ ሳትመጪ በፊት የማሳይሽ ነገር አለኝ።»