አትምታልኝ

ሕሩይን መጀመሪያ ያየሁት ፊቴን በሸፈንኩበት ክንዴ ሥር ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1995፣ የበጋ ዕረፍት ነበር። ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር፣ የወላጆቼ ቤት በር ላይ። ሻንጣ እየጎተትኩ በሩን ስከፍት አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። ሻንጣው ሲያንገዳግደኝ ሊቀበለኝ ብሎ እጁን ፈጠን አድርጎ ሰነዘረ። እኔ ሻንጣውን ለቅቄ ፊቴን በሁለት ክንዴ ሸፈንኩ።

ሻንጣው እግሩ ላይ ወደቀ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው።

«ይቅርታ… አስደነገጥኩዎት» አለ።

«እግርዎን ሰበርኩት?»

«ግድ የለም፣ ሌላ አለኝ።»

መሳቅ ነበረብኝ። አልቻልኩም። እንባዬ መጣና ሻንጣውን ትቼ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

መሠረት እባላለሁ። ከባሌ ከገብሩ ጋር ከተፋታን ዓመት አልፎን ነበር፤ ሰውነቴ ግን ገና አልተፋታም። ገብሩ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ይመታኝ ነበር። ስልክ አነሳሽ ብሎ ይመታኛል፤ ለምን አላነሳሽም ብሎም ይመታኛል። በልጃችን በሊድያ የልደት ቀን፣ እዚያው ኬኩ ፊት፣ ጥርሴን አውልቆታል። ሊድያ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። በዚያ በጋ ሰባት ሆናለች። በአማርኛ ስናወራት በጀርመንኛ ትመልሳለች፤ በር ሲንኳኳ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች።

ኡርላውቡ፣ የዕረፍት ጉዞው፣ የአባቴ ሐሳብ ነው። አባቴ ወልደማርያም ጡረታ እንደወጣ «ባሕር ሳልጠግብ አልሞትም!» ብሎ ተነሣ። ጣልያን፣ ጄኖቫ እንሂድ አለ። ዓይኑ ስለደከመ መኪና የሚነዳልን ሰው አስፈለገ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ሕሩይ እሺ አለው። ሕሩይ ኦስትሃፈን ወደብ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ ጭነት የሚያነሣ፣ ያላገባ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

ከዚያች ጠዋት በኋላ ሕሩይ ሳያስታውቅ እጁን አንቀሳቅሶ አያውቅም።

«አሁን እጄን ወደ ኋላ ልሰድ ነው» ይላል መሪውን እንደያዘ። «ውሃ ላቀብላችሁ።»

«ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» ትላለች እናቴ የሺወርቅ። «እንደ ባቡር ጣቢያ ያስታውቃል!»

ሊድያ ግን ገባት። ስዊዘርላንድን ሳናልፍ እሷም በጀርመንኛ «አሁን እጄን ላነሣ ነው» እያለች ብስኩት ታቀብለው ጀመር። ሳቄ አመለጠኝ። በመስታወቱ አየኝና ዓይኑን ቶሎ ወደ መንገዱ መለሰ።

ጄኖቫ ሽቅብ የተሠራች ከተማ ናት። ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ ከባሕሩ ወደ ተራራው ይወጣል። የተከራየነው ቤት አሮጌው ወደብ አጠገብ፣ ፀሐይ የማይገባበት ጠባብ መንገድ ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሕሩይ ከታች ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ፎካቻ ያመጣል። እናቴ «ዘይት የጠጣ ዳቦ!» ብላ ታማርርና ሁለት ትበላለች። አንድ ቀን ሊድያን ሻርክ ልናሳያት ወደቡ ዳር ያለው ትልቁ የዓሣ ቤት ገባን፤ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ አልወጣም አለች። ሌላ ቀን በአሳንሰር ካስቴሌቶ ወደሚባለው ከፍታ ወጥተን የቤቶቹን ጣሪያና መርከቦቹን ቁልቁል አየን።

«ውሃ ብቻ ነው እኮ፣ አባዬ» አልኩት፣ አልነቃነቅ ሲለኝ።

«ዝም በይ፣ ገና አልጠገብኩም።»

እኔም ገብሩ የማያውቀው ጎዳና ላይ ስሄድ ወደ ኋላዬ መዞር ተውኩ።

ቦካዳሴ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ዳርቻ አለች። አንድ ከሰዓት እዚያ ሄደን፣ አባቴና ሊድያ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ሲነክሩ እኔና ሕሩይ ጠጠሩ ላይ ተቀመጥን።

«እርስዎ ማለቱን ተወው» አልኩት። «አንቺ በለኝ።»

«እሺ… አንቺ።» አንገቱን ደፋ። «ማነው እንዲህ ያስፈራሽ?» አለኝ።

«የልጄ አባት።»

እንደ ሌሎቹ «እኔ ባገኘው ኖሮ!» አላለም።

«እኔም ሰው መትቻለሁ» አለ።

«ሴት?» አልኩት።

«በፍጹም! ጦር ሜዳ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ወደ ሰሜን ላኩኝ። ምሽግ ውስጥ ስንገጥም… በሰደፍም… በእጅም…» አንድ ጠጠር አንሥቶ መልሶ ጣለ። «ይሄን ሳትሰሚ እንድትወጂኝ አልፈልግም።»

«ማን እወድሃለሁ አለህ?»

«ማንም» አለ ደንግጦ።

እጄን ጠጠሩ ላይ ከእጁ አጠገብ አስቀመጥኩ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ያስጠጋሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሳን ሎሬንዞን ልናይ ሄድን፤ በጥቁርና ነጭ ድንጋይ የተገነባ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሪያውን ሰንጥቆ ገብቶ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ቆሟል። ቁመቱ ሊድያን ያህላል። ለምን እንዳልፈነዳ በጀርመንኛ ጠየቀች።

«እግዜር ከለከለው» አለች እናቴ አማትባ።

ሕሩይ ግንባሩን አልቦት ነበር። «ውጭ ልጠብቃችሁ» ብሎ ወጣ።

ነገሩ የሆነው ከዚያ ስንመለስ ነው። ጠባቡ መንገድ ውስጥ ከኋላችን ሞተር ጮኸ። አንድ ጎረምሳ በቬስፓ ሽው ብሎ መጥቶ የእናቴን ቦርሳ ያዘ። ማንገቻው ክንዷ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር እሷንም ጎተታት። እናቴ ድንጋዩ ላይ በግንባሯ ተደፋች። ደም! ቬስፓው ከቲማቲም ሣጥኖች ጋር ተላተመና ጎረምሳው ተሽቀንጥሮ ወደቀ።

ሕሩይ ደረሰበት።

የመጀመሪያው ቡጢ ቦርሳውን ለማስጣል ነበር፤ ይሄን እመሰክራለሁ። ሁለተኛውም ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን ቦርሳው መሬት ወድቋል። ጎረምሳው እጁን ዘርግቶ «ባስታ! ባስታ!»፣ በቃ በቃ እያለ ይለምናል። ሕሩይ ይመታል። አፍንጫው ሲሰበር ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው፤ አውቀዋለሁ። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሕሩይ ፊት ላይ ቁጣ እንኳን አልነበረም። ምንም አልነበረም። አባቴ ቀበቶውን ይዞ ቢጎትተው ንቅንቅ አልል አለ።

«አውፍሆረን!»

ሊድያ ናት። ተው ማለት ነው። አባቷ እኔን ሲመታ ትለው የነበረው ቃል ነው።

«አውፍሆረን! አውፍሆረን!»

የሕሩይ ቡጢ አየር ላይ ቆመ። ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ዙሪያውን አየ። ጎረምሳው እየዳኸ፣ ከዚያም እየተንገዳገደ ሸሸ። ሊድያ ቀሚሷ ላይ ሸንታ ነበር።

«እሰይ!» አለች እናቴ ደሟን በሻርፗ እየጠረገች። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!»

ሕሩይ ወደ እኔ መጣ። እጁ እስከ አንጓው ቀይ ነው። ሊድያን አቅፌ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«መሠረት… ለእናትሽ ብዬ ነው። ላንቺም…»

«አትምታልኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ማንንም አትምታልኝ! ገብሩም ሁልጊዜ ምክንያት ነበረው!»

ዕረፍቱ እዚያ ላይ አበቃ። እናቴ ግንባሯን ተሰፋች፤ በማግስቱ ተመለስን። እስከ ፍራንክፈርት ድረስ ከሕሩይ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጋሉስ ደርሰን ዕቃችንን አወረደ።

«ደህና ሁኚ።»

«ደህና ሁን።»

ያን ቀን እያለቀስኩ ልብስ አጠብኩ። ወድጄው ነበር። እንደገና አንድ የሚመታ ሰው ወደድኩ ብዬ ራሴን ጠላሁት።

እናቴ ግን በተሰፋው ግንባሯ እየኮራች የሕሩይን ጀግንነት ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ አወራች። ወሬ ደግሞ ሲዞር መልኩን ይለውጣል። ገብሩ ጆሮ ሲደርስ «ሚስትህ ከወንድ ጋር ጣልያን ከርማ መጣች» ሆኖ ነበር።

አንድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ሊድያ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ስከፍት ጢማቸው የሸበተ፣ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰውዬ ናቸው።

«ኣልኣሚን እባላለሁ፣ ልጄ» አሉኝ በኤርትራ ቅላጼ። «ከሕሩይ ጋር ነው የምሠራው። ገብሩ የሚባል ሰው መጋዘኑ በር ላይ ጠብቆ በብረት ቀጠቀጠው። ሆስፒታል ነው።»

«ተጣሉ?»

«ጥል ሁለት ሰው ይፈልጋል! ሕሩይ ያን ጉልበት ይዞ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለለት። ሮጠን ባንደርስና ሰውዬውን ባናባርረው ይገድለው ነበር። ምን ነካው ይሄ ልጅ?»

የነካውን እኔ አውቅ ነበር።

ሆስፒታል ስገባ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። ክንዱ ጀሶ ውስጥ ነው፤ የጎን አጥንቶቹ ተሰብረው ሲተነፍስ ያቃስታል።

«ለምን አልተከላከልክም?»

«አትምታልኝ አልሽኝ።»

«ሙትልኝ አላልኩህም!»

ነርሷ ዞር ብላ አየችን። ሕሩይ ዓይኑን ጨፈነ።

«ከጀመርኩ ማቆም እንዳልችል ፈራሁ። እዚያ መንገድ ላይ፣ ልጅሽ እስክትጮህ ድረስ፣ እኔ ጄኖቫ አልነበርኩም መሠረት። ምሽግ ውስጥ ነበርኩ። የዚያን ልጅ ፊት እንኳን አላስታውሰውም…»

አለቀሰ። ገብሩ ሲያለቅስ አይቼ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ይቅር እንድለው ነበር የሚያለቅሰው። ሕሩይ ግን ምንም አልጠየቀኝም።

«ስማኝ» አልኩት። «የሚመታልኝ ወንድ አልፈልግም። የሚሞትልኝም አልፈልግም። የሚኖርልኝ ነው የምፈልገው።»

«እንዴት እንደሚኖር አላውቅበትም።»

«የሚያውቅ ሰው ጠይቅ። ከጦርነት የመጡ ሰዎችን የሚያነጋግሩ ሐኪሞች አሉ፤ ቀጠሮ፣ ቴርሚን ያዝ። እኔም የራሴ ሥራ አለብኝ።»

የእኔ ሥራ ፖሊስ ጋ መሄድ ነበር። ገብሩ ስለ ሕሩይ ብቻ ሳይሆን ስለ እኔም እንዲጠየቅ ፈለግሁ። ለወላጆቼ ስነግራቸው እናቴ ደረቷን መታች።

«የትዳር ገመና አደባባይ ይወጣል?»

«ገመናው የኔ አይደለም፣ እማዬ። የሱ ነው።»

እናቴ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ ዳበሰች። ከዚያ ተነሥታ ካፖርቷን አወረደች።

«ያበጠ ፊትሽን በጨው ውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ምስክር ከፈለጉ ከእኔ በላይ ማን አለ? ተነሺ!»

ፍርድ ቤት ስንቀርብ ገብሩ ከፖሊሶቹ መካከል ሆኖ «ስወጣ አርድሻለሁ!» ብሎ በአማርኛ ጮኸብኝ። ዳኛዋ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔው ራሴ ተርጉሜ ነገርኳት። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሾርባውን፣ ስልኩን፣ ጥርሴን። እናቴም መሰከረች። እስር ተፈረደበት፤ ሲወጣም ደጃችን እንዳይደርስ ታገደ። ስንወጣ አባቴ ክንዴን አጥብቆ ይዞኝ ነበር።

ሕሩይ በየሳምንቱ ሐኪሙ ጋ ሄደ። አንዳንድ ቀን ሲወጣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ መናገር ያቅተዋል። እኔና ሊድያ ማይን ወንዝ ዳር እንጠብቀዋለን፤ ዳክዬዎቹን እያየን እንሄዳለን። ክረምቱ አለፈ፤ ሌላ ክረምትም መጣ። አንድ ቅዳሜ በእግራችን ስንሄድ ድንገት ቆመ።

«አሁንም ይመጣብኛል፣ መሠረት። ግን ገና ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ መሸሽም ተምሬያለሁ። ከዚህ የተሻለ ሰው ነኝ ብዬ አልዋሽሽም… ታገቢኛለሽ?»

«ሊድያን ጠይቃት።»

ሊድያ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ና ጉት» አለች። እሺ ይሁና እንደ ማለት ነው።

ሮመር አደባባይ ባለው ሽታንደስአምት፣ የጋብቻ መዝገብ ቤቱ፣ ተጋባን። ምስክራችን ኣልኣሚን ነበሩ፤ እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው የመዝገብ ሹሟ ብዕሯን ጣለች።

ጊንሃይም ሰፈር፣ ረጅሙ የቴሌኮም ግንብ አጠገብ ቤት አገኘን። ከተጋባን በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሕሩይ ሳያማክረኝ ሳሎናችንን ለአንድ ጓደኛው ለወር ሰጥቶ መጣ።

«ሰጠኸው? የኔም ቤት አይደለም እንዴ?»

«ሰውዬው መንገድ ላይ ይደር?»

«መጀመሪያ ትጠይቀኛለህ!»

«ጠየቅሁሽ አልጠየቅሁሽ ምን—» ድምፁ ቤቱን ሞላው። ሳህን ይዤ ደረቅሁ። እሱም አፉን ዘጋ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ጫማውን አነሣ።

«ተናድጃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «በግንቡ ዞሬ ልምጣ። ስመለስ እንጨርሰዋለን።»

ወጣ። ዝናብ ይዘንባል። በመስኮት ሳየው አንገቱን ቀብሮ ወደ ቴሌኮሙ ግንብ አቅጣጫ ይሄዳል። እንደሚመለስ አውቅ ነበር፤ ልቤ ግን መምታቱን አልተወም።

ልብሱ በስብሶ መጣ። ፎጣ ሰጠሁት።

«አሁን ተናገሪ» አለኝ ራሱን እያደረቀ።

«ለሁለት ሳምንት ብቻ። ሁለተኛ ደግሞ ሳትጠይቀኝ እንዳታደርገው።»

«ሦስት።»

«ሁለት!»

«ሰውዬው ሥራ እስኪያገኝ እኮ ነው፣ የኔ እመቤት…»

«እመቤቴ ብትለኝም ሁለት!»

ሊድያ ሶፋው ላይ ተጋድማ የካርቱን ፊልም ታያለች። ጭቅጭቃችን ስለሰለቻት ዞር ብላ እንኳን ሳታየን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው።