ከአውሮፕላኑ ቀድማ የደረሰችው እህቴ

ይሄን ሳወራ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የሰማሁትም በገዛ ጆሮዬ ነው።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ታናሽ እህቴ ብቻ ነበርን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሷ ነርስ። ሩቅ አገር ሥራ አገኘችና የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በረረች። መንገዱ የትም ሳያርፉ አሥራ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

«እትዬ፣ እንዳታለቅሺ» አለችኝ ስሸኛት።

«ማን? እኔ? ቁም ሳጥኑ ለብቻዬ ሊሆን ነው፣ ምን ያስለቅሰኛል!»

እየሳቀች ገባች።

ቤት ስመለስ ዝምታው ጆሮ ይበሳል። ሳላስበው ስሟን ጠርቼ «በሩን ዝጊው» አልኩ።

በሩን ራሴ ዘጋሁት።

ጨርቅ ይዤ የስፌት መኪናዬ ጋ ተቀመጥኩ። ስልኬን ከጎኔ አቆምኩት። አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ካርታ ከፍቻለሁ... ገና ውቅያኖሱ መሃል ነው።

«አይዞሽ፣ የኔ ልጅ» እላታለሁ፣ የምትሰማኝ ይመስል።

ስልኩ ጮኸ።

እሷ ናት።

«እትዬ... ደረስኩ።»

ሳቅኩ። «በምን ተሳፍረሽ ነው፣ በመብረቅ? ገና ሰባት ሰዓት ይቀርሻል እኮ!»

«ወርጃለሁ። ሁላችንም ወረድን።»

በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ከኋላዋ... ምንም። የሻንጣ ጎማ የለ፣ ኮቴ የለ።

«የአክስታችን ልጅ ሊቀበልሽ አልመጣም?»

«ማንም አልመጣም።»

«አብረውሽ የወረዱትስ?»

ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

«ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል...»

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ካርታውን አየሁ። አውሮፕላኑ አሁንም ውሃው ላይ ነው።

«እትዬ፣ የመስታወት በር አለ። ማዶው ብርሃን ነው። ልለፍ?»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እንዳታልፊ! ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ። ሰማሽኝ?»

«እሺ... እጠብቃለሁ። ግን ቶሎ በይ። ይበርዳል።»

ተቋረጠ።

ደጋግሜ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ለሰው እንዳልናገር ምን ብዬ? ካርታው ላይ እንዳፈጠጥኩ መሸብኝ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ደወለች። ጫጫታ፣ ሳቅ፣ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

«ደረስኩ!»

«ቅድም... ቀን ላይ ደውለሽልኝ ነበር?»

«አየር ላይ ሆኜ? ስልኬን አጥፍቼ? እንቅልፌን ለጥጬ ነው የመጣሁት!»

ተመስገን ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ የአክስታችን ልጅ ፎቶ ላከልኝ። እህቴ ሻንጣዋን ይዛ፣ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ። ልስማት ስልኩን ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁ...

ከኋላዋ የመስታወት በር አለ።

ከበሩ ወዲያ ጨለማ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ አንዲት ሴት ቆማለች። እህቴ የለበሰችውን ሹራብ ለብሳለች። የእህቴ ቁመት ናት።

ሁለት መዳፎቿን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች።

አፏ ተከፍቷል... ሰው የምትጠራ ትመስላለች።